ልጁን አትደብቁት፦ መንጃ ፈቃድ ላወጣ ወጣት መድን ስለመግዛት

(ባሕር ዳር ላይ ለወላጆችና በቅርቡ መንጃ ፈቃድ ላወጡ ወጣቶች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ።)

እንደምን ዋላችሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። መንጃ ፈቃድ ላወጣችሁ ልጆች ደግሞ እንኳን ደስ ያላችሁ።

የተጋበዝኩት «ለጀማሪ ወጣት ሾፌር ርካሽ ኢንሹራንስ እንዴት ይገኛል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ እንድሰጥ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኑሮው ተወዷል። መኪናውም፣ መለዋወጫውም፣ የጋራዥ የእጅ ዋጋውም ተወዷል። አረቦኑ፣ ለመድን የምንከፍለው ገንዘብ፣ ትንሽ ቢቀንስልኝ ብሎ የሚያስብ ወላጅ አይፈረድበትም።

ግን በመድን ሥራ ላይ ስኖር ደጋግሜ ያየሁትን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ቤተሰቡ ወጪ ለመቀነስ ሲል መኪናውን ልጁ እንደሚነዳው ሳይናገር ይቀራል። ቅጹ ላይ የአባት ስምና የአባት መንጃ ፈቃድ ይሞላል። ሁሉም ነገር ቀላል ይመስላል። ከዚያ አንድ ቀን መኪናው ይጋጫል። መሪው ላይ የነበረው ልጁ ነው። ሲከፈል የኖረው ገንዘብ ሁሉ ጥቅሙ የሚታየው በዚያ ቀን ነበር፤ ክርክር የሚነሳውም በዚያው ቀን ነው። እኔ እስከማውቀው ድረስ ከዚህ የበለጠ ውድ ኢንሹራንስ የለም። ዛሬ የምናገረው ሁሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነው።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ሲያወሩ ሰምታችሁ ይሆናል። ልጃቸው መንጃ ፈቃድ ባወጣ ማግስት ኢንሹራንሱ እጥፍ ድርብ እንደሆነባቸው ይናገራሉ። እዚያ ዋጋው በአብዛኛው የሚሰላው ሾፌሩን አይቶ ነው። ዕድሜው፣ የመንዳት ታሪኩ፣ የሚኖርበት ሰፈር ሳይቀር ይታያል። እንግሊዝ አገር ደግሞ በተግባር መኪናውን የሚይዘው ልጁ ሆኖ ሳለ ወላጅ ራሱን ዋና ሾፌር አድርጎ ቢያስመዘግብ እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል።

እኛ አገር መድኑ የሚገባው ለመኪናው ነው። ሰሌዳው፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ፣ የተሠራበት ዓመት፣ የገበያ ዋጋው፣ የሚሰጠው አገልግሎት፤ አረቦኑን በዋናነት የሚወስኑት እነዚህ ናቸው። ስለዚህ «የ18 ዓመት ልጅ ኢንሹራንስ» የሚባል የተለየ ነገር ፍለጋ ባትደክሙ ይሻላል። የምትገዙት የቤተሰቡን መኪና ሽፋን ነው። የወጣቱ ጉዳይ ያለው ከውሉ ውስጥ ነው፤ ብዙ ሰው ሳያነበው በሚያልፈው ክፍል።

መጀመሪያ ግዴታ የሆነውን እንይ፤ ሦስተኛ ወገንን። በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 ግዴታ ተደረገ፤ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተካ። ስቲከሩ መስታወት ላይ ይለጠፋል። ያለ እሱ ቦሎ አይታደስም፣ መንገድ ላይ ከተያዛችሁም ቅጣት አለው። ይህ መድን የሚከፍለው መኪናችሁ ለጎዳው ሰውና ለጎዳው የሌላ ሰው ንብረት ነው። የእናንተን ፓራውልት አይቀይርም፣ ኮፈናችሁን አያስጠግንም። ብዙ ሰው ግን «ኢንሹራንስ አለኝ» ሲል በልቡ የራሱ መኪና የሚሠራለት ይመስለዋል። ይህን ዛሬውኑ ከልጆቻችሁ ጋር አጥሩት።

ሌላው የማይታወቅ ነገር የሦስተኛ ወገን ክፍያ ጣሪያ ያለው መሆኑ ነው። ለሞት፣ ለአካል ጉዳት፣ ለንብረት የተወሰነ መጠን አለ። ጉዳቱ ከዚያ ካለፈ የቀረው ወደ ባለንብረቱ ይመጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2081 እዚህ ላይ ጠንካራ ነው። የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን ይዞ የሄደው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። ልጁ ቁልፉን ከመደርደሪያ አንስቶ ሳይጠይቅ ቢወጣ፣ «እኔ አልፈቀድኩለትም» ማለት አባትን ከካሳ አያድነውም። ልጁ ደግሞ 18 ሞልቶታልና በሕግ ፊት አዋቂ ነው፤ የወንጀሉ ጉዳይ በራሱ ስም ነው የሚቀርብበት። አንዱ መኪና ሁለቱን ነው የሚያስጠይቀው።

ለዚህ ነው ገንዘብ ያጠራችሁ እንደሆነ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ የምለው። ብዙ ኩባንያዎች ተጨማሪ ከፍላችሁ ከግዴታው በላይ ያለውን ኃላፊነት ከፍ ያደርጉላችኋል። የሚጨመረው ገንዘብ ከሙሉ ሽፋን ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ዛሬ ባሕር ዳር መንገድ ላይ የሚሄደውን መኪና ዋጋ አስቡት። የአንዱን አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና በርና የፊት መብራት መግጨት ብቻ ስንት እንደሚያስወጣ አስቡት። ያረጀ መኪና ላለው፣ ልጁም ጀማሪ ለሆነበት ቤተሰብ፣ በእኔ እምነት ከሁሉ በፊት የሚገዛው ይህ ነው። የራሳችሁን መኪና ጉዳት ቀስ እያላችሁ ትችሉት ይሆናል። የሰውን ሕይወትና የሰውን ንብረት ግን አትችሉትም።

ሙሉ ሽፋን፣ ኮምፕሬሄንሲቭ የምንለው፣ የራሳችሁን መኪናም ይጨምራል። ግጭት፣ መገልበጥ፣ እሳት፣ ስርቆት። የወጣቱ ጉዳይ ብቅ የሚለው እዚህ ነው። ውሉን ስትቀበሉ የሾፌር ዕድሜና የመንጃ ፈቃድ ልምድ የሚል ሐረግ ፈልጉ። ከተወሰነ ዕድሜ በታች የሆነ ወይም መንጃ ፈቃድ ካወጣ ብዙም ያልቆየ ሰው ሲነዳ አደጋ ከደረሰ፣ ባለንብረቱ ከኪሱ የሚችለው መጠን፣ ኤክሰስ የሚባለው፣ ከፍ ይላል። ዕድሜው ስንት፣ ልምዱ ስንት ዓመት፣ ኤክሰሱ ስንት የሚለው ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። እንግዲህ ዋጋ ስታወዳድሩ ማወዳደር ያለባችሁ ይህንን ነው። ሁለት ኩባንያዎች በአረቦን ትንሽ ይለያዩ ይሆናል፤ ልጃችሁ በተጋጨ ቀን የምትከፍሉት ግን በጣም ሊለያይ ይችላል። አንዱ ርካሽ የመሰለው ጀማሪ ሾፌር ላይ ከባድ ኤክሰስ ስላስቀመጠ ሊሆን ይችላል።

ኩባንያ ስትመርጡ አማራጭ አላችሁ። የኢትዮጵያ መድን ድርጅት አለ፤ ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የግል ኩባንያዎች ተፈቅደዋል፤ ባሕር ዳር ላይም ቅርንጫፍ ያላቸው ብዙ ናቸው። ሁሉም ፈቃድ የሚያገኙትና ቁጥጥር የሚደረግባቸው በብሔራዊ ባንክ ነው። ሦስት ቦታ ግቡ። ሊብሬውን፣ የእናንተንም የልጁንም መንጃ ፈቃድ ኮፒ ይዛችሁ ግቡ። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቁ፦ «ይህ ልጅ ነው የሚነዳው፤ መንጃ ፈቃድ ያወጣው ዘንድሮ ነው፤ እሱ ቢጋጭ ከኪሳችን ስንት እንከፍላለን?» መልሱን በወረቀት ስጡን በሉ። በቃል የተነገረ ነገር በአደጋ ቀን አይገኝም። በወኪል በኩል ከገዛችሁም ክፍያው ወደ ኩባንያው ሒሳብ ይግባ፤ ደረሰኙም በኩባንያው ስም ይሁን።

አሁን ወደ መደበቁ ልመለስ። ሰዎች «ኢንሹራንሱ የመኪናው ከሆነ ማን ነዳው ምን አገባቸው?» ይሉኛል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ መድን የሚገባ ሰው ስለ አደጋው የሚያውቀውን ሁሉ በትክክል እንዲናገር ግዴታ አለበት ይላል። አውቆ የደበቀ ወይም የዋሸ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። ቅጹ ላይ «መኪናውን ማን ነው በመደበኛነት የሚነዳው?» የሚል ጥያቄ ካለ፣ ያ ጥያቄ እንዲያው ለመሙላት የተቀመጠ አይደለም። የምትጽፉት መልስ የውሉ አካል ነው። አንድ አባት ልጁን ማስመዝገብ አረቦን ያስጨምራል ብሎ ፈርቶ ዝም አለ። ሄዶ ቢጠይቅ ኖሮ የሚያስጨምረው ነገር አልነበረም፤ ኤክሰሱ ብቻ ነበር የሚለወጠው። ሳይጠይቅ ፈራ፣ ፈርቶ ደበቀ። አደጋው ደርሶ ወረቀቶቹ ሲገለጡ ያን ሰው ሳየው ልቤ ነው የተሰበረው። ገንዘቡን ከፍሏል፣ ወረቀቱ አለው፣ ግን የሚከራከርበት ነገር አልነበረውም።

ኩባንያዎቹ ወጣት ሾፌርን ለምን ይፈሩታል? ልጆች፣ ይህ እናንተን ለማዋረድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል ቀዳሚው የመንገድ አደጋ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ ሾፌሮች በነዱት ርቀት ልክ ሲሰላ ሕይወት የሚጠፋበት አደጋ የሚደርስባቸው ከ20 ዓመት በላይ ካሉት ወደ 3 እጥፍ ይጠጋል። ምክንያቱ ሞኝነት አይደለም። ዓይን ገና የመንገዱን ነገር ቀድሞ ማንበብ አልለመደም። ሌሊት ሲሆን ይብሳል። ጓደኞች መኪናው ውስጥ ሲሞሉ ይብሳል።

ከተማችንን ተመልከቱ። ባሕር ዳር ለመንዳት የምትመች ትመስላለች። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ዘንባባው ያምራል። ግን ከጊዮርጊስ ወደ ፓፒረስ ባለው መንገድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ንዱና እዩ። ፀሐይ ገብታለች፣ የመንገድ መብራቱ ገና አልበራም ወይም ግማሹ ነው የበራው። ከፊታችሁ ብስክሌት አለ፤ ኋላው ላይ አንጸባራቂ የለውም፣ መብራት የለውም፣ ፖርታፓኮው ላይ ሁለተኛ ሰው ጭኗል። የብስክሌት ከተማ ነን፤ ይህ የምንኮራበት ነገር ነው። ጀማሪ ሾፌር ግን ብስክሌቱን የሚያየው አጠገቡ ሲደርስ ነው። በቀኝ በኩል ባጃጅ አለ፤ ተሳፋሪ እጁን ሲያነሳ ፍሬቻ ሳያሳይ ቀጥ ይላል። ልጁ ባጃጁን ሸሽቶ ወደ ግራ ይጎትታል፤ ስፖኪዮውን ሳያይ። ከኋላ ሞተር ሳይክል እየመጣ ነው። ብዙ ክሌም፣ ለኩባንያው የሚቀርብ የካሳ ጥያቄ፣ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ፍጥነቱ 40 እንኳ ላይሆን ይችላል።

ከከተማ ሲወጣ ሌላ ነው። በዘንዘልማ በኩል ወደ ሐሙሲትና ወረታ ስትሄዱ፣ የፎገራ ሜዳ ላይ አስፋልቱ ቀጥ ያለ ነው፤ እግር ሳይታወቅ ነዳጅ ይረግጣል። አመሻሽ ላይ ከብቱ ወደ ቤት ይመለሳል። ክረምት ሲሆን ጭቃው ከእርሻ መንገድ ወደ አስፋልቱ ይወጣል። ጀማሪ ልጅ ያንን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን፣ በምሽት፣ ጓደኞቹን ጭኖ ሊሄደው አይገባም።

ስለዚህ በቤታችሁ ሕግ አውጡ። ሌሎች አገሮች ለጀማሪ በሕግ ያደረጉትን እናንተ በቤት አድርጉት። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ሲጨልም መንዳት የለም። ከአንድ ሰው በላይ ጓደኛ መጫን የለም። ከከተማ መውጣት ከትልቅ ሰው ጋር ብቻ። ስልኩ ከወንበር ኋላ ይቀመጥ። ልጆች፣ ይህ እንደ ቅጣት አይሰማችሁ። ከክሌም ነፃ የሆነ እያንዳንዱ ዓመት ለቤተሰባችሁ ገንዘብ ነው። ኩባንያዎች አደጋ ሳይደርስ ላለፈ ዓመት ሲታደስ ቅናሽ ይሰጣሉ፤ ዓመታት ሲደራረቡ ቅናሹም ከፍ ይላል። አንድ ክሌም ያንን የተጠራቀመ ቅናሽ ሊያጠፋው ይችላል። እንዲያውም ትንሽ ጭረት ከሆነ፣ የፓራፋንጎ ማቃናት ብቻ ከሆነ፣ ጋራዥ ወስዳችሁ በራሳችሁ ብታሠሩት የሚሻልበት ጊዜ አለ። ጥገናው ከኤክሰሱ ብዙም ካልበለጠ መጠየቁ ትርፍ የለውም። ሌላ ሰው የተጎዳበት ከሆነ ግን ምንም ትንሽ ቢመስል ማሳወቅ ግድ ነው።

አሁን ስለ መኪናው ዋጋ። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚጎዳው እዚህ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ያገለገለ መኪና ዋጋ አሻቀበ። ድሮ የተገዛች ቪትዝ ወይም ኮሮላ ዛሬ ሌላ ዋጋ ነው ያላት። ብዙ ሰው ግን ውሉን ሲያድስ አረቦኑ እንዳይጨምር የድሮውን ዋጋ ይዞ ይቀጥላል።

እንዲህ እናስላው። መኪናችሁ ዛሬ ገበያ ላይ 2,000,000 ብር ታወጣለች እንበል። እናንተ ያስመዘገባችሁት 1,000,000 ብር ነው። ልጁ ተጋጨ፣ ጥገናው 200,000 ብር መጣ። ኩባንያው 200,000 አይከፍልም። የመኪናውን ግማሽ ዋጋ ነው መድን የገባችሁለት፤ ስለዚህ የጉዳቱን ግማሽ፣ 100,000 ብር ነው የሚያስበው። ከዚያ ላይ ኤክሰሱ ይነሳል። ጀማሪ ሾፌር ነበርና ኤክሰሱ ከፍ ያለ ነው። እጃችሁ የሚገባው ምን ያህል እንደሆነ ታዩታላችሁ። በአረቦን የቆጠባችሁት ከዚህ ጋር አይወዳደርም። በተቃራኒው ዋጋውን አጋንኖ ማስመዝገብም ጥቅም የለውም፤ መኪናው ሙሉ በሙሉ ቢወድም የሚከፈለው የገበያ ዋጋው ነው። ትርፍ አረቦን በከንቱ ነው የከፈላችሁት። በየእድሳቱ የዛሬን ዋጋ ጠይቃችሁ አስተካክሉ።

መኪና ገና ያልገዛችሁ፣ ለልጁም አስባችሁ የምትገዙ፣ መለዋወጫው ባሕር ዳር ላይ የሚገኝ መኪና ግዙ። ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወር የሚጠበቅለት ዕቃ ያለው መኪና ለኩባንያውም ለእናንተም ራስ ምታት ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ደግሞ ባትሪው ሲጎዳ ውሉ ምን ይላል ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ። የመኪናው ትልቁ ዋጋ ያለው እዚያ ነው። ለልጅ የመጀመሪያ መኪና ሞተሯ ትንሽ፣ ፍሬኗ ደህና፣ የደህንነት ቀበቶዋ ሁሉ የሚሠራ ትሁን። ያረጀች መኪና ከሆነች፣ ሙሉ ሽፋኑን ትታችሁ ከፍ ያለ የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ብቻ መግዛቱን አስቡበት። አረቦኑን ከመኪናዋ ዋጋ ጋር አስተያዩና ወስኑ።

በፈቃዳችሁ ኤክሰሱን ከፍ አድርጋችሁ አረቦን ማስቀነስም ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ይህን የምመክረው ግን ያንን የኤክሰስ ገንዘብ ባንክ ላስቀመጠ ሰው ብቻ ነው። እቁብ የሚገባ ቤተሰብ አንድ ዙር ለዚህ ቢመድብ ጥሩ ነው። ገንዘቡ ሳይኖር ኤክሰስ ማስጨመር ግን ችግሩን ወደ አደጋው ቀን ማስተላለፍ ነው።

አንድ ነገር በዚህ ጊዜ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። መደበኛው የመኪና መድን በጦርነት፣ በሁከትና በፖለቲካ ግጭት የሚደርስን ጉዳት አይሸፍንም። ለዚያ ፒቪቲ የሚባል የፖለቲካ ግጭትና የሽብር ሽፋን ለብቻው ይገዛል። በክልላችን ያለውን ሁኔታ ሁላችንም እናውቃለን። ከከተማ የምትወጡ ከሆነ ዋጋውን ጠይቁ፤ የማይሸፍነውንም አብራችሁ ጠይቁ። ልጆችን ደግሞ ሲጨልም ከከተማ አታስወጡ የምለው በመንገዱ ምክንያት ብቻ አይደለም።

ስለ አደጋው ቀን ደግሞ እናውራ፤ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ከልጁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ልጁ ሰው ከገጨ ይደነግጣል። መሮጥ ሊያምረው ይችላል። አይሮጥም። መኪናውን ያቆማል፣ የተጎዳውን ሰው ወደ ሕክምና ያደርሳል። ለመንገድ አደጋ ተጎጂ የድንገተኛ ሕክምና እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል፤ የሦስተኛ ወገን መድኑም ለዚያ የተመደበ ነገር አለው። ትራፊክ ፖሊስ ይጠራል፣ ፕላን፣ የአደጋው ቦታ ንድፍ፣ ይነሳል። ለኩባንያው በዚያው ቀን ይደወላል። የገጨ ሰው ጥሎ ከሄደ ወይም መድን ከሌለው ተጎጂው ከመድን ፈንድ ካሳ የሚያገኝበት መንገድ አለ፤ ያመለጠው ሾፌር ግን ከሕግ አያመልጥም።

ሽምግልና ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። እኛ ጎጃሞች ሰው ሲጎዳ ሽማግሌ መላክ፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይቅርታ መጠየቅ የኖርንበት ነው። ይህ አይቅር። ሄዳችሁ ጠይቁ፣ አስታሙ፣ ሞት ከሆነ ልቅሶ ድረሱ። ግን ኩባንያው ሳያውቅ «ይህን ያህል ብር ልንከፍል ተስማምተናል» ብላችሁ አትፈርሙ። ያለ ፈቃዱ የተደረገ ስምምነት ኩባንያውን ላያስገድደው ይችላል፤ የፈረማችሁት ግን እናንተን ያስገድዳችኋል። ለሽማግሌዎቹ በግልጽ ንገሯቸው፦ እርቁ ዛሬ ይሁን፣ የካሳው ነገር ኩባንያው ባለበት ይሁን። ሽማግሌ ይህን አይከፋውም። መኪናውንም የኩባንያው ሰርቬየር፣ ጉዳቱን የሚገምተው ባለሙያ፣ ሳያየው ጋራዥ አታስገቡ።

ከተሰብሳቢው የተነሱ ሁለት ጥያቄዎች ነበሩ፤ እነሱንም እዚህ ላስገባቸው።

አንዲት እናት ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ መኪናውን የሚነዳው ለእረፍት ሲመጣ ብቻ ነው፤ ለነዚያ ወራት ብቻ መድን መግባት አይቻልም ወይ አሉ። እትዬ፣ ሦስተኛ ወገኑ መኪናው መንገድ ላይ እስካለ ድረስ ዓመቱን ሙሉ ያስፈልጋል። ሙሉ ሽፋኑን ለአጭር ጊዜ መግዛት ይቻላል፤ ግን የአጭር ጊዜ ውል ከዓመቱ ጋር ሲሰላ በወር በጣም ይወደዳል። ዓመቱን ይግዙና ልጁ በዓመት የሚነዳው ለአጭር ጊዜ መሆኑን ቅጹ ላይ ያስጽፉ። ይህ እውነት ነው፤ እውነቱ ደግሞ ለእርስዎ ነው የሚጠቅመው። ገንዘቡንም አስቀድመው ይክፈሉ፤ አረቦን ሳይከፈል ሽፋን አይጀምርም።

አንድ ወጣት ደግሞ ከትምህርት መልስ በአባቱ መኪና ሰው እያደረሰ መሥራት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ሥራ መውደድህ ያስመሰግንሃል። ግን የአባትህ መኪና ኮድ 2 ነው፣ መድኑም ለግል አገልግሎት ነው የተገባው። ገንዘብ ተቀብለህ ሰው ጭነህ ብትጋጭ ኩባንያው «ለዚህ አገልግሎት አልሸጥንላችሁም» ሊል ይችላል፤ ሊልም መብት አለው። የጫንከው ሰው ቢጎዳ ደግሞ ካሳው አባትህ ላይ ሊመጣ ይችላል። ኪራይም እንደዚያው ነው፣ ዕቃ ማመላለስም እንደዚያው። መሥራት ከፈለክ መጀመሪያ መንጃ ፈቃድህ ለዚያ አገልግሎት የሚፈቅድ መሆኑን አጣራ። ከዚያ ሰሌዳው ይቀየር፣ ከዚያ መድኑ ይቀየር። በዚህ ቅደም ተከተል። ነገ ጠዋት ከአባትህ ጋር ሆናችሁ ውሉን አውጡና «የአገልግሎት ዓይነት» የሚለው ቦታ ላይ ምን እንደተጻፈ አንብቡ፤ አባትህ ከፈቀዱ እኔም አብሬያችሁ አየዋለሁ።